አራት እግሯና ባለ ካሶኒዋ

ጡረታ በወጣሁ በመጀመሪያው ክረምት ማብቂያ ላይ ትርንጎ ደወለችልኝ። ትርንጎ በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመቶቼ አለቃዬ የነበረች የአፈርና ውኃ ጥበቃ መሐንዲስ ናት። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ በሥራ ስትቆጣ ግን ባርኔጣዬን አውልቄ ነበር የምሰማት።

«ጋሽ ይሁኔ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ። ለአማኑኤሉ ተፋሰስ አንድ ተሽከርካሪ እንድንገዛ ተፈቅዶልናል። ወይ እንደ ድሮዋ ባለ አራት እግር ሞተር፣ ወይ አሁን የመጣችዋን ባለ ካሶኒ። የትኛዋን እንግዛ?»

«አራት እግሯን!» አልኳት፣ ጥያቄዋን በቅጡ ሳትጨርስ።

«እንዲህ ሳያስቡት?»

«ምን ያሳስበኛል? ነድቻታለሁ እኮ።»

«እንግዲያው ይኼንንም ይወቁት። የአማኑኤሉ ችግኝ ጣቢያ ምንጩ ስለደረቀ ሊዘጋ ነው። አለምነህ ሥራው እዚያ ነው። አዲሷን ተሽከርካሪ መያዝ ከቻለ ይቆያል፤ ካልቻለ መሰናበቱ ነው። የግራ እግሩን ነገር ደግሞ ያውቁታል።»

አውቀዋለሁ፤ አለምነህ ሞተር መንዳት ያስተማርኩት ልጅ ነው። የአራት እግሯ ማርሽ የሚቀየረው በግራ እግር ነው፤ የአለምነህ ግራ ቁርጭምጭሚት ደግሞ አንድ ጊዜ ከተሰበረ ወዲህ አይታጠፍም። ባለ ካሶኒዋ ግን ነዳጅና ፍሬን ብቻ ነው ያላት፣ ሁለቱም በቀኝ እግር የሚረገጡ፤ ማርሿ በእጅ ነው። እንግዲህ በአንድ ቃሌ የአንድ አባወራ እንጀራ ላይ ፈርጄ ነበር ማለት ነው።

«መጥተው መሬቱን ይዩልን» አለች ትርንጎ። «ለአለምነህ ብለው ግን አይፍረዱ። ለሥራው የሚሆነውን ይንገሩኝ።»

ማሽኖቹን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አራት እግሯ እንደ ሞተርሳይክል እግር አንፈራጠው የሚቀመጡባት፣ በእጀታ የምትመራ፣ አራት ወፋፍራም ጎማ ያላት ሞተር ናት። ከፊትና ከኋላ ዕቃ የሚታሰርበት የብረት ፍርግርግ አላት። በቅሎ ከሄደችበት የማትሄድበት ቦታ ጥቂት ነው። ባለ ካሶኒዋ ከባጃጅ ከፍ፣ ከፒክአፕ ዝቅ ያለች ትንሽ የእርሻ መኪና ናት። ከፊት ሦስት ሰው ጎን ለጎን ይቀመጥባታል፣ ክብ መሪ አላት፣ ከራስ በላይ ብትገለበጥ ሰው የማያስጨፈልቅ የብረት ቅስት አላት፤ ከኋላ ካሶኒዋ ላይ ችግኙም ድንጋዩም ይጫናል። ሰዎች ሁለቱን ሲያወዳድሩ የሞተር ጉልበትና የነዳጅ ፍጆታ ያወራሉ። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያው አወራ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት ሉማሜ ነው፣ ጢሜ በቅጡ ሳይሞላ፣ በአንድ የመሬት ልማት ድርጅት የሹፌር ረዳት ሆኜ። ሹፌሩ ጋሽ ደምለው ይባላል። መንዳትን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ጋሽ ደምለው ግን ከመንዳቱ ይልቅ ከመኪና በመውረዱ ነበር የሚታወቀው። ያልለመደው መሬት ሲገጥመው ሞተሩን ያጠፋል፣ ይወርዳል፣ ጫማውን አውልቆ አፈሩን በተረከዙ ይጫነዋል። የኛ አገር ዋልካ፣ ጥቁሩ አፈር፣ በጋ በጋ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲመጣ መኪና ይውጣል። «ተረከዝህን ከዋጠ ጎማህን ሳያላምጥ ነው የሚውጠው» ይለኝ ነበር። መኪና ሲያቆም ደግሞ ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ መጣበት መልሶ ነው። ዝናብ ቢመጣ፣ ጠብ ቢነሳ፣ ሰው ቢታመም፣ እሱ ለመውጣት ዝግጁ ነው።

አንዲት የወይራ ዱላም ነበረችው፣ ከጣሪያው ፖርቶባጋሊ ጋር የታሰረች። ርዝመቷ ልክ የመኪናዋን ስፋት ያህላል። ጠባብ መንገድ ሲያገኝ ዱላዋን አጋድሞ ይለካል፤ ከሁለቱም ወገን መዳፍ የሚያስገባ ትርፍ ከሌለ አይገባም። አንድ አለቃችን ቸኩሎ «በዓይንህ አትገምትም እንዴ?» ቢለው፣ «ዓይኔ መድረስ ይፈልጋል ጌታዬ፤ ዱላዋ የትም መድረስ አትፈልግም» አለው።

ሌላው ልማዱ መንገደኛ አልፎ አለመሄድ ነው። ገበያተኛ፣ ቄስ፣ እመጫት፣ የታመመ፣ ያገኘውን ይጭናል። አለቆች ይቆጡታል፤ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፤ በማግስቱ ያው ነው። «አፈሩ የእነሱ፣ መንገዱ የእነሱ። አቧራችንን አልብሰናቸው እያለፍን ማን እርከን የሚሠራልን መሰለህ?» ይለኛል። ያኔ ደግነቱ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

ከሉማሜ ወደ ደምበጫ ተዛወርኩ። እዚያ የነበረው አለቃዬ ጭቃ የነካ መኪና ማየት አይወድም ነበር፤ የመሬት ልማት መሥሪያ ቤት ውስጥ ምን ሊሠራ እንደገባ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አራት እግሯ የመጣችው በእሱ ዘመን ነው። አስተምር ተብዬ መጀመሪያ የነዳኋት እኔ ነኝ፤ የነዳኋት ዕለት ገበያ ስለነበር የአንዱ ጋሪ ፈረስ በድምጿ ደንብሮ ድንች ጭኖ እየጋለበ የገበያውን መሐል ሰንጥቆ አለፈ። ባለ ጋሪው አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያየኝ ፊቱን ያዞር ነበር።

ወደድኳት። ዳገቱን ስትወጣ አያስጨንቃትም። ጎማዋ ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ ፒክአፕ የሚሰምጥበትን ዋልካ ሸርተት እያለች ታልፈዋለች። አንድ ጊዜ ጎማዋ ተንፍሶ ለጎሚስታ ሰጠኋት፤ እሱም እንደ ባጃጅ ጎማ ድርቅ አድርጎ ነፋው። ከድንጋይ ድንጋይ እያነጠረች ወገቤን ፈጀችው፤ መሬት መያዙንም ተወችው። ወዲያው ወርጄ አየሩን አስተነፈስኩና ሰላም ሆንን። የእሷ ጎማ በአውራ ጣት ሲጫኑት እሺ ማለት አለበት።

አንድ ነገሯ ግን ሰውን ያሳስታል፤ ወንበሯ ረጅም ነው። ያየ ሁሉ ለሁለት ሰው የተሠራ ይመስለዋል። አይደለም። የረዘመው ነጂው ዳገት ላይ ወደፊት፣ ቁልቁለት ላይ ወደኋላ፣ ዳገቱን አግድም ሲያቋርጥ ደግሞ ወደ ላይኛው ጎን እየተንሸራተተ ሚዛኗን በገላው እንዲጠብቅላት ነው። ከኋላው ሰው ከተቀመጠ መንቀሳቀሻ የለውም። ይህን በመመሪያዋ ላይ በሥዕል አስቀምጠውታል፤ ለተማሪዎቼም ሁሉ ነግሬያለሁ። ለአለምነህም ነግሬዋለሁ።

አለምነህ የአማኑኤል ልጅ ነው። እኔ ወደ አማኑኤል ስዛወር አራት እግሯም አብራኝ መጣች፤ እኔ ፒክአፑን ያዝኩ፣ እሱ እሷን ያዘ። ፈጣን እጅ፣ የረጋ ልብ ያለው ልጅ ነበር። እኔ ወንበሯ ላይ ስደንስ እሱ ቁጭ እንዳለ በዳሌው ብቻ ይመራታል። ከእኔ ይሻል ነበር ብል አልዋሸሁም።

አደጋው የደረሰው በሐምሌ፣ በችግኝ ተከላ ወቅት ነው። ያን ቀን አብሬው አልነበርኩም፤ የምጽፈው ከአለምነህና አብሮት ከነበረው ሰው አፍ የሰማሁትንና ቦታውን ሄጄ ያየሁትን ነው። አለምነህ ከፊትና ከኋላ ችግኝ አስሮ ወደ ላይኛው ጋራ ይወጣል። ዝናቡ ያካፋል። በመንገዱ ያለችዋን ወንዝ እንደተሻገረ አያ እንግዳውን አገኛቸው፤ ከገበያ እየተመለሱ ነበር፣ ያሠሩትን ማረሻ በትከሻቸው ይዘው። አያ እንግዳው የላይኛው ሰፈር ገበሬ ናቸው፤ ለአለምነህ የአባቱ እኩያ፣ ልጅ ሳለ በግቢያቸው ይሮጥ ነበር። አልጠየቁትም፤ ራሱ ቆሞ ከኋላው ጫናቸው። ወንበሯም ረጅም ነው።

እንዲህ ያለውን ስህተት የሚሠራ የኛ አገር ሰው ብቻ ይመስለኛል። ልጁ ክልክል መሆኑን ያውቃል። ግን ዝናብ ላይ የቆመን ሽማግሌ፣ ያውም የአባቱን ጓደኛ፣ ጭቃ እየረጨበት አልፎ መሄድን ማንም አላስተማረውም።

ከወንዙ በላይ ያለችዋ አጭር ዳገት ላይ የፊት ጎማዋ ድንጋይ ወጣች። አለምነህ ወደፊት ሊያጋድል ሲል ሽማግሌው ወገቡን አንቀው ይዘውታል። አፍንጫዋ ተነሳ፤ ወደ ኋላና ወደ ጎን ተገለበጠች። አለምነህ ግራ እግሩ ከሥሯ ቀረ። አያ እንግዳው ከእርከኑ በታች ተወርውረው የቀኝ ጉልበታቸው ተሰበረ። የሰፈሩ ሰው ሁለቱንም በቃሬዛ ተሸክሞ አማኑኤል አወረዳቸው፤ ከዚያ እኔ ነኝ በፒክአፑ ደብረ ማርቆስ ያደረስኳቸው። መንገዱን ሙሉ ሁለቱ ይቅርታ ይጠያየቁ ነበር። ያን ቀን መሪ ላይ ሆኜ አልቅሻለሁ።

አያ እንግዳው አገግመው ሲመለሱ ድርጅቱ ይከሱናል ብሎ ሠጋ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አለምነህ በክራንች ቆሞ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ሊል ሲጀምር አያ እንግዳው በከዘራቸው መሬቱን መታ አደረጉት። «ምኑን አጠፋህ? አልፈኸኝ ሄደህ ቢሆን ነበር የምከስህ!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

በሽማግሌዎቹ ዘንድ ተዘጋ እንጂ በመሥሪያ ቤት አልተዘጋም። የዚያን ጊዜው ኃላፊ፣ ከትርንጎ በፊት የነበረው፣ አራት እግሯ ከነጂው በቀር ማንንም እንዳትጭን አዘዘ። ትክክል ነበር። አለምነህ ወደ ችግኝ ጣቢያ ተመደበ፣ አራት እግሯ ወደ እኔ ተመለሰች፤ እኔም ትእዛዙን አከበርኩ።

ማክበሩ እንዴት እንደሆነ የሚያውቀው ያከበረ ብቻ ነው። እናት ልጇን አዝላ፣ ከነጠላዋ ውኃ እየተንጠባጠበ፣ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ ዘወር ትላለች። ፈገግ ትላለች፤ ታውቀኛለች። እኔ ዓይኔን መንገዱ ላይ ተክዬ አልፋለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ በእጄ ምልክት እየሰጠሁ ይቅርታ እጠይቅ ነበር። ኋላ እሱንም ተውኩት፤ እንዳልሰማ፣ እንዳላየ ሆኜ ማለፉ ቀለለኝ። ሰዎቹም ዘወር ማለታቸውን ተዉ። ሰላምታ የነበረበት መንገድ ጭር አለ።

የላይኛው ጋራ ከልቅ ግጦሽ ተከልሎ፣ ሣሩ ታጭዶ ለሰፈሩ የሚከፋፈልበት፣ ችግኙ የሚጸድቅበት ቦታ ነበር። አጥር የለውም። አጥሩ የሰው ቃል ነው፤ ከብት ሲገባ ያየ ያስወጣል፣ በቃ። በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ ስወጣ ጋራው ላይ ከብት ተሰማርቷል። ችግኙ እስከ ጉቶው ተግጧል፤ የእርከኑ ድንጋይ በኮቴ ተንዷል። የብዙ ሰው የብዙ ዓመት ልፋት ነበር። ስብሰባ ጠራን። ማንም አልተቆጣ፣ ማንም አልካደ። አንዲት ሴት ብቻ ከመሐል ተነሥታ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ቀስ ብላ እንዲህ አለች፤

«ሞተራችሁ እኛን ስታልፈን አላየችንም። እኛም ከብቱ ሲገባ አላየነውም።»

ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የሚቆጨኝ ያ ጋራ ነው። በክረምቱ ውኃው አዲስ ቦረቦር ቆፍሮ ወረደ፤ እስከ ዛሬም አልዳነም። አራት እግሯም ብዙ አልቆየች፤ መለዋወጫ ጠፍቶ ግቢ ውስጥ ቆመች። እኔ የቀረኝን ዘመን በፒክአፕ፣ በአህያና በእግሬ ጨረስኩት።

ታዲያ ይህን ሁሉ አይቼ ለትርንጎ «አራት እግሯን!» ያልኳት ለምንድን ነው? ሰው ይታዘበኛል። ጋራው የጠፋው በትእዛዙ ነው፣ በሞተሯ አይደለም እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬ ነው። ከወደዱ አይቀር እንዲህ ነው፤ የወደዱት ሲያጠፋ ጥፋቱ የጎረቤት ነው።

አማኑኤል ስደርስ አለምነህ መናኸሪያው ላይ ጠበቀኝ። ግራ እግሩን ጎተት እያደረገ መጥቶ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ፀጉሩ ገባ ገባ ብሏል። ሻይ ቤት ገብተን ገና ሳናዝ፣

«ጋሼ፣ ለእኔ ብለው አንዲት ቃል እንዳይናገሩ» አለኝ።

«ማን ለአንተ ይላል?»

«ለመሬቱ የምትሆነውን ይንገሯቸው። በሰው እግር ተለምኖ የተገዛ መኪና እንዲሉኝ አልፈልግም። እኔ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ፣ አልሞትም።» አልሞትም ሲል ጣቱ የስኳሩን ማንኪያ ሲያዞር አየሁ። ሦስት ልጆች አሉት፤ መሬት የለውም።

በማግስቱ ትርንጎ መጣችና ሦስታችን መንገዱን በእግር ልንወጣ ተነሣን። የባለ ካሶኒዋን የስፋት ልክ ይዛ ነበር። እኔ አንድ የባሕር ዛፍ አጠና በልኩ ቆረጥኩ፤ ጋሽ ደምለው ቢያየኝ ወይራ ካልሆነ ብሎ ይሰድበኝ ነበር። እያጋደምኩ፣ ተረከዜን እየጫንኩ፣ እነሱን እያስጠበቅኩ ወጣሁ። ትርንጎ ወንዟ መሻገሪያ ላይ ድንጋይ ቢነጠፍ እንደሚበቃ አሰላች። አለምነህ የተገለበጠባት ዳገት ላይ ስንደርስ እሱ ራሱ ድንጋዩን በጫማው ነካ አድርጎ «አልነቀሉትም» አለ፣ እንደ ቀልድ። ባለ ካሶኒዋ ዝቅና ሰፋ ያለች ስለሆነች ያቺን ዳገት ቀጥ ብላ ትወጣታለች። እስከዚያ ድረስ ዱላዬ የትም አልተያዘችም፤ በልቤ ለአለምነህ ደስ እያለኝ ነበር።

ከዚያ ከአያ እንግዳው ማሳ ደረስን። መንገዱ በማሳቸው ጥግና በቦረቦሩ አፋፍ መካከል ያልፋል። አጠናዬን አጋደምኩ። አንደኛው ጫፍ ባዶ አየር ላይ ቀረ።

ትርንጎ ተንበርክካ አፋፉን አየች። «ቦረቦሩን ደግፈን እናስፋ ብንል ክረምት ይንደዋል» አለች። «መንገዱ መስፋት ያለበት ወደ ማሳው ነው።»

ወደ ማሳው ማለት ወደ አያ እንግዳው መሬት ማለት ነው፤ አንድ ክንድ የሚሆን፣ ከዳር እስከ ዳር። ጎጃም ውስጥ ሰው ከወንድሙ ጋር በአንድ ጥማድ በሬ እያረሰ በአንድ ስንዝር ድንበር ሊገዳደል ይችላል። ሽማግሌው ከቤታቸው በከዘራ እየተመረኮዙ መጡ። ሰላምታው ረዘመ፣ የልጆች የከብት ደኅንነት ተጠየቀ። ከዚያ ትርንጎ የመጣንበትን ተናገረች፤ በአክብሮት፣ ሳታድበሰብስ።

አያ እንግዳው አጠናዬን አዩ፣ ማሳቸውን አዩ።

«እግሬን ሰጥቻችኋለሁ» አሉ። «መሬቴን ግን አልሰጥም።»

የሚመለስ ቃል አልነበረም። አለምነህ ቀድሞን መውረድ ጀመረ። ትርንጎ መንገድ ላይ «አራት እግሯስ ታልፋለች?» አለችኝ። «ታልፋለች» አልኳት። እውነት ነው፣ ታልፋለች። «እንግዲያው?» አለች። «እንግዲያው አራት እግሯ ናታ» አልኩ። የዚያች ቃል ክብደት አሁንም ምላሴ ላይ አለ። አለምነህ ከፊታችን እየሄደ ነበር፤ ሰምቷል። ዘወር አላለም።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ሦስታችን ተቀምጠን እኔና ትርንጎ ወደየቤታችን የምንሄድበትን መኪና ስንጠብቅ አያ እንግዳው ከቅዳሴ መልስ ነጫቸውን እንደለበሱ ቀጥ ብለው ወደ እኛ መጡ። ከሰፈራቸው አማኑኤል ድረስ በዚያ እግር መምጣታቸው ቀላል አይደለም። ወንበር ሰጠናቸው፤ አልተቀመጡም።

«ያቺ መኪና» አሉ ለትርንጎ፣ «ሰው ትጭናለች?»

«ከነጂው ሌላ ሁለት ሰው፣ አባቴ።»

«በሕግ?»

«በሕግ። ለዚያው ወንበር አላት።»

«ነጂውስ ማነው?»

ትርንጎ አለምነህን አየችው። አለምነህ መሬት መሬት ያያል። እኔ ነኝ የመለስኩት፤ «ይኼው ነው። ግራ እግር የማትፈልግ መኪና ስለሆነች።»

«ሞተሯ ከሆነችስ?»

«ሌላ ሰው ይቀጠራል። እሱ ይሰናበታል።»

አያ እንግዳው ፊታቸው ተለወጠ። «ይኼን ትላንት ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እንዳይነግሩ የለመንኳቸው እኔ ነኝ» አለ አለምነህ። «መሬትዎን በእኔ እግር ሊያስለቅቁዎት አይገባም ብዬ።»

ሽማግሌው ወደ እሱ ዞሩ። «አንተ ልጅ» አሉት፣ «ያኔ ስትጭነኝ ለምኜህ ነበር?»

«አልለመኑኝም።»

«እንግዲያው ዝም በል።»

ከዚያ ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ፤ ክርክሩ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። መሬት እንደዋዛ አይሰጥም። በለቀቁት ልክ ካልተበላሸው የተከለለ ቦታ ሣር እንዲያጭዱ ጠየቁ፤ ትርንጎ ኮሚቴው ይስማማል ብላ ተቀበለች። ልጃቸው ይቃወማል፣ ባለቤታቸውም ያኮርፋሉ፤ እሱን ለእኔ ተዉት አሉ። አንድ ነገር ግን ቀራቸው። ያቺ መኪና ባዶ ወንበር ይዛ መንገደኛ አልፋ ከሄደች፣ አንድ ቀን እንኳ፣ ድንበሬን መልሼ አጥራለሁ አሉ።

ትርንጎ እዚህ ላይ አልተለሳለሰችም። «ቀበቶ ያለው ወንበር ሁለት ነው፣ አባቴ። ለሁለት ሰው ቃል እገባለሁ። ካሶኒው ላይ ግን ማንም አይወጣም፤ ቄስም ቢሆን፣ እርስዎም ቢሆኑ። መጀመሪያ የታመመ፣ ቀጥሎ ነፍሰ ጡር፣ ቀጥሎ ሽማግሌ። ወንበሩ ከሞላ መኪናዋ ትቆማለች፣ ሰላም ትላለች፣ ይቅርታ ጠይቃ ትሄዳለች።»

«ትቆማለች?»

«ሳትቆም አታልፍም።»

«በቃ» አሉ አያ እንግዳው። «እኔ ሌላ ምን አልኩ?»

ያን ጊዜ ጋሽ ደምለው ትዝ አለኝ። ደግነቱ ብቻ ነበር የሚታየኝ ብያለሁ፤ ለካ ሥራውን ነበር የሚሠራው።

ለትርንጎ የመጨረሻ ሐሳቤን ስሰጥ የባለ ካሶኒዋን ጉድለት አልደበቅሁም። ከላይኛው እርከን አትደርስም፤ የቀረውን ችግኝ እንደ ድሮው አህያ ይጨርሰዋል። ዋልካው ውኃ በጠገበበት በነሐሴ ከአራት እግሯ ይልቅ ትከብዳለች፣ ስለዚህ መቆም ያለባት ሳምንታት አሉ። ቅስት አለኝ ብሎ የሚንቀለቀል ነጂ ከያዛት እሷም ትገለበጣለች። ይህን ሁሉ ተናግሬ «እሷን ግዙ» አልኩ። አሁንም አራት እግሯን እወዳታለሁ፤ አንድ ሰው ብቻውን ለሚሠራበት ሰፊ እርሻ ቢሆን እሷን እላለሁ። የኛ መንገድ ግን ሰው አያጣም።

መኪናዋ የመጣች ጊዜ አለምነህ ለመጀመሪያው ጉዞ ጠራኝ። አጠናዬን በካሶኒዋ ጎን አሰርኩለት። በመካከላቸው ተቀመጥኩ፤ በቀኜ ትርንጎ፣ በግራዬ አለምነህ፣ ከኋላ ችግኝ። ወንበሩ ሞልቷል። ወንዟን ተሻገርን፤ ያቺን ዳገት ስንወጣ የትርንጎ ትንፋሽ ሲቆም ሰማሁ፣ የእኔም ቆሟል። አለምነህ ብቻ ነው የተነፈሰው።

በላይ፣ አዲስ በተካበው የማሳቸው ድንበር ዳር፣ አያ እንግዳው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አለምነህ ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ከአጠገባቸው ቆመች። ትርንጎ ወርዳ አሳለፈችኝ፤ እኔም ወንበሬን ልለቅላቸው ወረድኩ።

አያ እንግዳው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱና ቀበቶውን በጣታቸው ዳሰሱት። «ይኼ ጠፍር ያኔ የት ነበር?» አሉ። አለምነህ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ሞልቶ ነበር።

«ይግቡ እንጂ፣ አባቴ» አልኳቸው። «አለምነህ የት ላድርስዎ ይልዎታል።»

«የትም» አሉ። «ቤቴ እዚሁ ነው፤ መቆማችሁን ልይ ብዬ ነው የወጣሁት። ሂዱ፣ ችግኙ ፀሐይ እንዳይመታው።»